የዋሻው ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ እና የእውነት ጥያቄ

በጋዜጠኝነት ትምህርት መጀመሪያ ከምንሰማቸው ሕጎች አንዱ በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አይሠራም የሚለው ነው። ሁለተኛ ምንጭ ፈልጉ፣ አመሳክሩ፣ ካልተመሳከረ አታውጡ እንባላለን። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ታሪኩን የማካፍላችሁ ሰው ግን ይህንን ሕግ ሙሉ በሙሉ የሚያፈርስ ነው። ሕይወቱ የሚታወቀው ከአንድ ምንጭ ብቻ ነው፤ ያም ምንጭ እሱ ራሱ ስለ ራሱ ጻፈው የተባለ በግእዝ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሰውየው ዘርዐ ያዕቆብ ይባላል፤ መጽሐፉም ሐተታ። ንጉሡን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ንጉሡ ከፈላስፋው መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ያረፉ ናቸው። ስማቸው በመመሳሰሉ ብቻ ብዙ ሰው ሲያምታታቸው ይሰማል።

እንግዲህ መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም ነሐሴ 25 ቀን በአክሱም አካባቢ ከአንድ ድሃ ገበሬ ተወለደ። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲሆን ሰው የሚጠራው ግን ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ድሃ ቢሆንም ልጁን ትምህርት ቤት አስገባው። በመጀመሪያ ዜማ እንዲማር ተላከ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ግን ሦስት ወር ቆይቶ ተወው። ጓደኞቹም በድምፁ ይስቁበት ነበር። ከዚያ ወደ ሰዋስውና ቅኔ ተሻገረና አራት ዓመት ተማረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በእኛ በጎጃም ምድር ቅኔ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ሲያልፍ ያላየ የለም። ከአዊ የሄደ ልጅ ደግሞ ነገሩ ድርብ ድካም ነው፤ ከአገውኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ግእዝ ተሻግሮ በሦስተኛ ቋንቋ ነው ቅኔ የሚቆጥረው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስል ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ በማግስቱ እንደገና ሌላ። የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ሰሙ አንድ ነገር ይላል፣ ወርቁ ሌላ። እንደ እኔ እንደ እኔ ዘርዐ ያዕቆብን ፈላስፋ ያደረገው መጀመሪያ ይኸ ኪነ ጥበብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ከላይ የሚመስለውን ብቻ እንዳልሆነ ሲፈልግ የኖረ ልጅ በኋላ ማንም የነገረውን ሁሉ እንደወረደ እንዴት ይቀበላል?

በተማሪነቱ ጊዜ አንድ አደጋ ደርሶበታል። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገባ። አካሉ ምንም ሳይሆን ተረፈ። አብዛኛው ሰው ተአምር ነው ብሎ እዚያው ላይ ያቆም ነበር፤ እሱም ቢሆን እግዚአብሔር እንዳዳነው ያምናል። ግን ደግሞ ረጅም ገመድ ፈልጎ የገደሉን ጥልቀት ለካው! ሃያ አምስት ክንድ ከስንዝር ሆኖ አገኘው። ተአምሩን ያምናል፣ ግን ይለካል። ይህች ትንሽ ነገር ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የምወዳት ናት።

ከቅኔ በኋላ ለአሥር ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ፈረንጆች እንዴት እንደሚተረጉሙ፣ የአገራችን ሊቃውንት እንዴት እንደሚተረጉሙ አነጻጽሮ አየ። ከዚያም ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ዘመኑ ግን ለመምህር የሚመች አልነበረም። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ ገብተዋል። ከእነሱ ዋነኛው ፔድሮ ፓኤዝ እኛ ዘንድም ዱካ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ከዞናችን ጋር በሚዋሰነው ሰከላ ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የዓባይን ምንጭ አይቷል። ንጉሡ በጎጃም አገው ላይ ተደጋጋሚ ዘመቻ ያደረጉ በመሆናቸው ስማቸው በእኛ አካባቢ ታሪክም ውስጥ አለ። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጽ ተቀበሉ። ቀጥሎ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከአውሮፓ መጣና ነገሩ ከረረ፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ተባለ። አገር ለሁለት ተከፈለ፤ ደም ፈሰሰ።

ታዲያ በዚህ መሐል ዘርዐ ያዕቆብ ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ ይኸኛው ትክክል ነው ያኛው ሐሰት ነው አይልም ነበር። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሚዛናዊ ዘገባ ነው የሠራው ማለት ይቻላል። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱም ወገን ጠላው። ፈረንጆቹ የግብጻውያን ወገን ነው አሉት፣ የአገሩ ሰዎች ደግሞ የፈረንጅ ነው አሉት። መቼም ሚዛናዊ መሆን ወዳጅ ያበዛል ብሎ ያስተማረን የለም። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን፣ ይህ ሰው ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሳሳል ብሎ ለሱስንዮስ ከሰሰው። ክሱ ሐሰት ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን ክስ ከደረሰ ማጣራት ብዙም አይጠበቅም። ዘርዐ ያዕቆብ በሌሊት ጠፋ። የያዘው ሦስት ወቄት ወርቅና የሚጸልይበት መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር።

ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲሄድ ተከዜ ሸለቆ አጠገብ ሰው የማይኖርበት ቦታ አንድ ጥሩ ዋሻ አገኘና እዚያው ቀረ። አውሬ እንዳይበላው በሩን በድንጋይና በእሾህ አጠረ። ሁለት ዓመት ኖረበት። ቀን ቀን አንዳንዴ ወጥቶ ምግብ ይለምን ነበር፤ ሰዎች እንደ ባሕታዊ ቆጥረው ይሰጡት ነበር።

ሐተታውን ሐተታ ያሰኘው የዚህ ዋሻ ሐሳብ ነው። ከሰዎች ክፋት ርቆ ሲቀመጥ አንድ ከባድ ጥያቄ መጣበት፤ ይህን ሁሉ ጸሎት የሚሰማኝ አለ ወይስ ባዶ አየር ላይ ነው የምናገረው? በእምነት ስም ሰው ሰውን ሲያርድ እግዚአብሔር ዝም ካለ ምናልባት የለም ማለት ይሆን? ጥያቄውን ሳይፈራ እስከ ጥጉ ሄደበት። የወለዱኝ ወላጆቼ ናቸው፣ እነሱንም የወለዱ አሉ፣ እያለ ወደ ኋላ ቆጠረና የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከየት መጡ የሚለው ላይ ደረሰ። ራሳቸውን ሊፈጥሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ያልተፈጠረ ፈጣሪ የግድ አለ አለ። ለሰው ማስተዋልን የሰጠ እሱ ራሱ ማስተዋል የሌለው ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰማኛል ብሎ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ማንም ባልተቆጣው። ግን ቀጠለ። ሁሉም ሃይማኖት የእኔ ብቻ እውነት ነው ይላል፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? ዳኛው ፈጣሪ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ያስቀመጠው የልቡና ብርሃን ነው አለ። ሰው ለምን ይዋሻል፣ ለምንስ ውሸትን ያምናል ለሚለው የሰጠው መልስ ለእኔ በጣም የሚገርም ነው፤ እውነትን መመርመር አድካሚ ስለሆነ ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር መቀበል ይቀለዋል ይላል። ማለትም በእሱ ዘንድ የውሸት እናቷ ስንፍና ናት። በዚህ ሚዛን ምንኩስናንም፣ የጾም ሥርዓትንም፣ የሙሴን ሕግ አንዳንድ ክፍሎችም፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትንም፣ ባርነትንም መዘነ፤ ሁሉንም አልተቀበለም። ለባርያ ንግድ የሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፣ ስለዚህ ሰውን እንደ ከብት መሸጥ ከፈጣሪ ሊመጣ አይችልም። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ ስለ ጾምና ስለ ምንኩስና ያለውን የማቀርበው እሱ አለ ተብሎ ስለተጻፈ ነው እንጂ የእኔ እምነት ሆኖ አይደለም። እኔ በበኩሌ ባሕታውያን ምግብ ባይሰጣቸው ሰው በሚል ልማድ ላይ እየኖረ ምንኩስናን መንቀፉ ትንሽ ቅር ይለኛል።

በዚያው ሰሞን በአውሮፓ ሬኔ ዴካርት የሚባለው ፈረንሳዊ ሁሉን ነገር እየተጠራጠረ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1596 የተወለደ ነው፤ ስለ ዘዴ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፉን ያሳተመው በ1637 ነው። ሁለቱን ማወዳደር የተለመደ ሆኗል። አንዱ ከምድጃ አጠገብ ሞቅ ብሎት፣ አንዱ ዋሻ በር ላይ እሾህ ደርድሮ።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ዞሮ ዞሮ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ባለው በእንፍራንዝ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ጋ ደረሰ። ለዘመዶቹ ደብዳቤ ልጽፍ ብሎ ቀለምና ብራና ሲጠይቅ ሀብቱ ጸሐፊ መሆኑን አወቀና መዝሙረ ዳዊት ጻፍልኝ፣ ዋጋህን እከፍላለሁ አለው። ዘርዐ ያዕቆብ ደስ አለው፤ ከእንግዲህ በለምኖ ሳይሆን በእጁ ሥራ ሊኖር ነው። የሀብቱንም ልጆች ማስተማር ጀመረ። ከእነሱ አንዱ ወልደ ሕይወት ነው፤ በኋላ ደቀ መዝሙሩ የሆነው።

የምለው ነገር ቢኖር የዚህ ሰው ፍልስፍና ከዋሻው ይልቅ በእንፍራንዝ ነው የተፈተነው። ዋሻ ውስጥ ብቻህን ሆነህ ሰው ሁሉ እኩል ነው ማለት ብዙ አይከብድም። ሀብቱ ቤት ግን ሒሩት የምትባል ገረድ ነበረች። መልከ መልካም አልነበረችም ይላል መጽሐፉ፤ ግን ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ፈለገ። ሀብቱም እሺ ብሎ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ገረድ ትሁን አለው። እሱ ግን ገረዴ ሳትሆን ሚስቴ ናት እንድትሆን የምፈልገው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና ገረድ ልንባል አይገባም ብሎ መለሰ። እሷም ራሷ ተጠይቃ ፈቃዷን ገለጸች። በ17ኛው መቶ ዘመን! የሒሩት ሐሳብ ከዚያ በላይ ባለመጻፉ ግን ይቆጨኛል፤ ስለ እሷ ብዙ ማወቅ እፈልግ ነበር። ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ሀብቱ ተባለ። ቤት ሠሩ፣ ከብት አረቡ፣ ተከባበሩ።

አንድ ነገር ግን ሳያነሱ ማለፍ ይከብዳል። ስለ እውነት እንዲህ የተጨነቀው ሰው እንፍራንዝ ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሐሳቡን ደብቆ ነው የኖረው። ሰዎች መልካም ክርስቲያን አድርገው ያዩት ነበር፣ እሱም አላስተባበለም። ብናገር አይሰሙኝም፣ ይልቁንም ይሰድቡኛል ያሳድዱኛል የሚል ምክንያት አለው፤ አክሱም ላይ የደረሰበትን ላየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ሆኖም ውሸትን እንዲያ የነቀፈ ሰው ዝምታው ከውሸት በምን ይለያል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህንን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንከራከር አልተስማማንም። አንዳንዶቹ ፈሪ ነው አሉ። እኔ ግን አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱም በመጨረሻ ጽፎታል። በ1660 ዓ.ም፣ ዕድሜው 68 ሲሆን፣ ወልደ ሕይወት እባክህ የምታስበውን ጻፍልኝ እያለ ስለወተወተው ሐተታውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ዐረፈ። መጨረሻው ላይ ያለውን ማስታወሻ የጨመረው ወልደ ሕይወት ነው፤ ደቀ መዝሙሩ በተራው ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወሳ የራሱን ሐተታ ጽፏል።

እስካሁን የነገርኳችሁ መጽሐፉ ያለውን ነው። አሁን ወደ ሌላኛው ታሪክ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በበጌምድር ይኖር ነበር። ግእዝ በደንብ የተማረ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው። በፈረንሳይ ለሚገኘው አንቷን ዳባዲ ለተባለው ተመራማሪ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን እየፈለገ ይልክለት ነበር። ሐተታን አገኘሁ ብሎ ጻፈለት፤ መጀመሪያ በገዛ እጁ የገለበጠውን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ሐተታዎች የያዘውን ላከ። ሁለቱም ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዳ ኡርቢኖ ራሱ ብዙም አልቆየም፣ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ።

መጽሐፉ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ታትሞ ሲወጣ ሊቃውንቱ ተገረሙ። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ ኖሮ አያውቅም፣ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ማስረጃዎቹ ቀላል አይደሉም። ዳ ኡርቢኖን ያውቅ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን የሰጠው ምስክርነት አለ። የሚሲዮናዊው የልጅነት ስም ያዕቆብ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሲነበቡም ሰውየው በሚሲዮናዊነቱ የተሰላቸ፣ ሃይማኖቶችን በጥርጣሬ ማየት የጀመረ ሆኖ ይገኛል። ከእሱ ሌላ ደግሞ መጽሐፉን ያየው ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1934 አይገን ሚትቮክ የተባለ ጀርመናዊም ይህንኑ ደገፈ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ያላለቀ መሆኑን ያሳዩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ናቸው። ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው! ዘርዐ ያዕቆብን ከአገሩ ያሰደደው ማኅበር አባል፣ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ጠበቃው ሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን በኢትዮጵያ ፍልስፍና ላይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካታ ቅጾች አሳትመዋል። የሐተታን አጻጻፍ ዳ ኡርቢኖ ከጻፋቸው ሌሎች ሥራዎች ጋር አነጻጽረው አንድ እጅ አይደለም አሉ። የአገራችን ሊቃውንት እነ አምሳሉ አክሊሉና የቅኔው ሊቅ ዓለማየሁ ሞገስም ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ግን እንደገና ተቀሰቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አናኢስ ዊዮን የተባሉ ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ ወደ ኮንቲ ሮሲኒ ሐሳብ የሚያደላ ሰፊ ጥናት አወጡ። በ2023 ደግሞ ሁለቱ ሐተታዎች በአዲስ እንግሊዝኛ ትርጉም ሲታተሙ ተርጓሚዎቹ የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው በሚለው ወገን ቆሙ።

ታዲያ ውሸት ሊሆን የሚችል የሕይወት ታሪክ ለምን ጻፍሽ ልባል እችላለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሙያችን ሕግ ከሄድን ዘርዐ ያዕቆብ ኖሯል ብዬ ርእሰ ዜና መሥራት አልችልም፣ አልኖረም ብዬም እንደዚያው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብዬ ብቻ ነው የምችለው፤ ስለዚህም ነው እስከ አሁን ይላል ይላል ስል የቆየሁት።

ልዩነቱ ግን ምን ላይ እንደሚያመጣ መለየት ያስፈልጋል። ባርነት ለምን ክፉ እንደሆነ የቀረበው ምክንያት እንፍራንዝ ተጻፈ ሮም ተጻፈ ምክንያትነቱ አይለወጥም። የፍልስፍና እውነት በጸሐፊው መታወቂያ ካርድ አይመረመርም። ሒሩትስ? ሒሩት በእርግጥ የነበረች ሴት ከሆነች፣ በዚያ ዘመን በእንፍራንዝ አንድ ገረድ ፈቃዷ ተጠይቆ እኩል ተብላ ተዳረች ማለት ነው፤ ይህ የአገራችን ሴቶች ታሪክ ነው። ዳ ኡርቢኖ የፈጠራት ከሆነች ግን በሰው አገር ብቸኝነት የመታው ሚሲዮናዊ የጻፋት የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ቆንጆ ልብ ወለድ፣ ግን የእኛ ታሪክ አይደለችም። ስለዚህ ፍልስፍናውና ኪነ ጥበቡ ማንም ጻፋቸው ማን ይቆማሉ፤ ታሪኩ ግን አይቆምም። ጻፈው ማን ነው የሚለው ምን አገባን የሚሉ ሰዎች ይህችን ነገር የሚረሷት ይመስለኛል።

የእኔ ሚዛን ወዴት ያደላል ብትሉኝ ወደ ገደሉ ገመድ ነው። ሃያ አምስት ክንድ ከስንዝር። ሐሳዊ ታሪክ የሚፈጥር ሰው ሠላሳ ክንድ ብሎ ያልፋል እንጂ ስንዝር ውስጥ አይገባም ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ጎበዝ ደራሲ እኮ ስንዝሯን ነው የሚጨምራት ብሎ መለሰልኝ፤ ልክ ነው፣ በዚህ አላሸነፍኩም።

ክርክሩን የሚዘጋው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳ ኡርቢኖ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የተገለበጠ አንድ ሌላ ቅጂ ቢገኝ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። በጎንደርም በጎጃምም የአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶች ገና ያልተመዘገቡ ብራናዎች አሉ፤ እስከ ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ቅጂ አልተገኘም።